አዞው ስንት ያወጣል?

አርባ ምንጭ አዞ እርባታ የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ይናከሳሉ ወይ?» ብሎ ነው። አብሮኝ የነበረው ልጅ ግን ኦዲተር ነው። ገንዳው ዳር ተደራርበው ፀሐይ የሚሞቁትን አዞዎች ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «እነዚህ አሁን ስንት ያወጣሉ?» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ቆዳቸውን ማለትህ ነው?»

«ቆዳማ ገዢ አለው። እንዲሁ እንደተኙ፣ በሕይወት እያሉ፣ ዛሬ።»

እሁድ ነበር፤ አርባ ምንጭ የሄድነው ለአዞ ብለን አይደለም። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። አነስተኛ ብድር የሚሰጥ አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቆየን፣ በከተማዋ ያለው ቅርንጫፉ የዓመታት የብድር መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንድናስገባለት ቀጥሮን ነበር። ሥራው የመጣው አገሪቱ ወደ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች፣ ባለሙያዎቹ አይኤፍአርኤስ ወደሚሉት ሥርዓት፣ በመሸጋገሯ ነው። በዚያ ሥራ ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ስህተቱ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ የአዞውን ጥያቄ፣ ከዚያ መዝገብ በዚህች አገር ምን ይጠየቅ እንደነበር ልንገራችሁ።

ከደረጃዎቹ አንዱ ቁጥር 41 ነው፤ ስለ ግብርና ነው የሚያወራው። ሐሳቡ ባጭሩ ይኸው፦ ለንግድ ብለህ የምታሳድገው እንስሳ ሕይወት ያለው ሀብት ነው። በየሪፖርቱ ቀን የሚጻፈውም ባወጣህበት ገንዘብ ሳይሆን፣ በዚያ ቀን ገበያ ላይ በሚያወጣው ዋጋ ነው፤ የመሸጫ ወጪው ተቀንሶ። አምና አንድ ክንድ የነበረው አዞ ዘንድሮ ሁለት ክንድ ከሆነ፣ የዋጋው ልዩነት የዘንድሮ ትርፍ ተብሎ ይገባል። ማንም ሳይሸጠው፣ ማንም ሳይገዛው፣ ካዝና ውስጥ አንድ ብር ሳይጨመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እዚህ በየእርምጃው ትርፍ ይመዘገብለታል።

ለኖርዌይ የሳልሞን ዓሣ አርቢ ይሄ ብዙም አያስጨንቅም። የሳልሞን ዋጋ በየሳምንቱ ይወጣል፤ አይቶ ማባዛት ነው። አዞ ግን? እርባታው በ1970ዎቹ አጋማሽ አባያ ሐይቅ ዳር የተቋቋመ የመንግሥት ድርጅት ነው። እንቁላሉ ከጫሞና ከአባያ ዳርቻ ይለቀማል፣ ይፈለፈላል፣ ግልገሉ ያድጋል፣ ቆዳው ለውጭ ገበያ ይዘጋጃል። የቆዳው ዋጋ የሚታሰበው በሆዱ ስፋት ነው፣ በሴንቲ ሜትር። ንግዱ ራሱ በዱር እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈቃድ ነው የሚንቀሳቀስ። በሕይወት ያለ የሁለት ዓመት አዞ ግን ገመድ አስረህ ገበያ ይዘኸው አትወጣም። ጫሞ ዳር «አዞ ገበያ» የሚባል ቦታ እንዳለ ታውቃላችሁ። አዞዎቹ ራሳቸው ወጥተው የሚሰጡበት ዳርቻ ነው። ሻጭም ገዢም የለበትም።

ደረጃው ለዚህም መልስ አለው። ዋጋውን በአስተማማኝ መንገድ መለካት ካልቻልክ ባወጣህበት ወጪ ጻፈው ይልሃል። ግን እንዲሁ «አልቻልኩም» ብለህ አታልፍም፤ ለምን እንዳልቻልክ ታስረዳለህ። ከአዲስ አበባ ይዞኝ የመጣው ልጅ ገንዳው ዳር ቆሞ ያብሰለስል የነበረው ይህንን ነው። «እኛ አገር ከባዱ ቁጥሩ አይደለም» አለኝ። «ከባዱ ‹እንዴት አወቅህ?› ሲባል የሚሰጠው መልስ ነው።»

* * *

ድሮ መዝገብ እኛን የሚጠይቀን ጥያቄ ቀለል ያለ ነበር፦ ስንት ከፈልክ? ደረሰኝህስ?

የሁለት ጎን አመዘጋገብን አስፍሮ ያሳተመው ሉካ ፓቾሊ የሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው፤ በ1494 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ። እሱም የፈለሰፈው ሳይሆን ነጋዴዎቹ ሲሠሩበት ያየውን ነው የጻፈው። ወደ እኛ አገር በሕግ ደረጃ ጠንከር ብሎ የገባው ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው። ሕጉን ዣን ኤስካራ የተባለ ፈረንሳዊ ጀምሮት፣ እሱ ሲሞት ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሰው። ነጋዴ መዝገብ ይያዝ፣ በየዓመቱ የሀብትና የዕዳውን መግለጫ ያውጣ ይል ነበር። በየትኛው የሂሳብ አያያዝ ደረጃ ይዘጋጅ የሚለውን ግን አልወሰነም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወደ አርባ ምንጭ ቆላ የወረደውም በዚያው በ1950ዎቹ ነው። ሕጉና ከተማዋ እኩያሞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። አርባ ምንጭ ዙሪያም የመንግሥት እርሻ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ያ የአዞ እርባታ የዚያ የመንግሥት ድርጅቶች ዓለም ልጆች ናቸው። የመንግሥት ድርጅቶችን የሚመረምር የኦዲት አገልግሎት ኮርፖሬሽንም ተቋቋመ። የሪፖርቱ አንባቢ ግን አንድ ሆነ፣ መንግሥት። እሱም የሚጠይቀው የራሱን ጥያቄ ነው፦ ዕቅዱ ስንት በመቶ ተሳካ? ድርጅቱ ቢሸጥ ስንት ያወጣል የሚል ጥያቄ ማን ይጠይቃል? የሚሸጥ ነገር የለማ!

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ባንኮች ተመለሱ፣ አክሲዮን ማኅበር በየቦታው ፈላ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አካውንቲንግ የሚማረው ልጅ የአሜሪካኖቹን ወፋፍራም መጻሕፍት ፎቶ ኮፒ ይዞ ነው ያደገው። የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ፒችትሪ የምትችል» የሚለውን ያላያችሁ አላችሁ? ፒችትሪ አትላንታ፣ አሜሪካ የተወለደ የሂሳብ ሶፍትዌር ነው፤ ስሙን ያገኘውም ከከተማዋ ታዋቂ ጎዳና ነው። ፈጣሪዎቹ አገር ስሙ ተቀይሮ እንኳ እኛ ጋ በድሮው ስሙ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተቀዳ፣ አንድ ትውልድ የሂሳብ ሠራተኛ አስተዳድሯል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አሜሪካ ለራሷ ኩባንያዎች እስከ ዛሬ አይኤፍአርኤስን አልተቀበለችም፤ የራሷ ሕግ አላት። ስለዚህ እኛ በአሜሪካ መጽሐፍ ተምረን፣ በአሜሪካ ሶፍትዌር ሠርተን፣ አሜሪካ ወዳልገባችበት ሥርዓት ነው የተሻገርነው።

መጽሐፉ የአሜሪካ ይሁን እንጂ የሥራው ጌታ ግብር ሰብሳቢው ነበር። የእርጅና ቅናሽ ሲታሰብ «ይህ ሕንጻ ስንት ዓመት ያገለግላል?» ብሎ የሚጨነቅ ብዙም አልነበረም። የግብር ሕጉ በዓመት 5 በመቶ ካለ 5 በመቶ ነው፣ አለቀ። ከተማ ውስጥ ደግሞ «ሦስት መዝገብ» የሚባል የታወቀ ቀልድ አለ፦ አንዱ ለገቢዎች፣ አንዱ ለባንክ፣ አንዱ ለራስ። ለገቢዎች ሁሌ ኪሳራ ነው፣ ለባንክ ሁሌ ትርፍ ነው፣ እውነቱ ባለቤቱ ራስጌ ያለች ደብተር ውስጥ ናት። ቀልዱ ያስቃል፤ ግን ባንክ አክሲዮን የገዛች አስተማሪ ወይም ቆጣቢ ገበሬ ከሆናችሁ አያስቅም።

በ2007 እ.ኤ.አ. የዓለም ባንክ የኢትዮጵያን የሂሳብና የኦዲት አሠራር ገምግሞ ክፍተቱን በሪፖርት አወጣ። ሕጉ ደረጃ አልወሰነም፣ የሚቆጣጠር አካል የለም፣ ባለሙያው ጥቂት ነው። ከዓመታት በኋላ፣ በ2014 እ.ኤ.አ.፣ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ወጣ፤ የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ። ቦርዱ መንገዱን በሦስት ምዕራፍ ከፈለው። ባንኮች፣ ኢንሹራንሶች፣ ሌሎች የገንዘብ ተቋማትና ትልልቅ የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ሰኔ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. ለሚያልቀው የበጀት ዓመት፤ ሌሎች ትልልቅ ድርጅቶች ለ2011 ዓ.ም.፤ አነስተኛና መካከለኞቹ ቀለል ባለው ደረጃ ለ2012 ዓ.ም. ሪፖርታቸውን በአዲሱ መንገድ ያቅርቡ ተባለ።

ወረቀት ላይ ሲታይ ሦስት ዓመት ነው። ግን አስቡት፦ የ2010ን ሪፖርት ለማውጣት ለማነጻጸሪያ የ2009 ያስፈልጋል። የ2009ን ለመሥራት ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠዋት ላይ በእጅህ ምን እንደነበረ፣ ስንት እንደሚያወጣ፣ በአዲሱ መለኪያ ማወቅ አለብህ። አዋጁ ወደፊት ሂድ ሲል ሥራው ወደኋላ ነው የሚያስሮጥህ። ደረጃዎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ፤ የሚያስረዳ ባለሙያ ጥቂት፤ አገሪቱ የራሷ የሙያ ፈተና ስላልነበራት ብዙው ሰው የእንግሊዙን ኤሲሲኤ እየተፈተነ ነው የሚመሰከርለት። በቀኑ ያልደረሱት ብዙ ነበሩ። የደረሱትም ቢሆኑ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ አማካሪው ሠርቶላቸው የሄደውን የኤክሴል ፋይል በዓመቱ ከፍተው ማንበብ የቸገራቸው አሉ።

* * *

ታዲያ ምን አዲስ ነገር መጣ? በእኔ መረዳት የተቀየረው ጥያቄው ነው። «ስንት ከፈልክ?» የነበረው «አሁን ስንት ነው? እንዴት አወቅህ?» ሆነ። ምን ማለት እንደሆነ በሁለት ነገር ላሳያችሁ፤ ሁለቱንም ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚያወጣው መንገድ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

አንደኛው ሙዝ የጫነው አይሱዙ ነው። ከአስራ ምናምን ዓመት በፊት ተገዛ። በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ሲነሳለት፣ ሲነሳለት፣ በመጨረሻ መዝገብ ላይ 1 ብር ቀረው። መኪናው ግን እንደ ጉድ ይሠራል። ዛሬ ቢሸጥ ከተገዛበት ዋጋ እጥፍ ድርብ ያወጣል፤ ብሩ ወርዶ የመኪና ዋጋ ሰማይ ነክቷልና። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኛ ከመዳብም አሳንሰን 1 ብር ብለነዋል። አዲሱ ደረጃ ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀው «ይህ መኪና ስንት ዓመት ያገለግላል ብለህ ነበር? ማን ነገረህ?» ብሎ ነው። ለሽግግሩ ቀን እንደገና አስገምተህ መጀመር ትችላለህ፤ ግን ገማቹ ደላላ ነው ወይስ ባለሙያ? ማስረጃውስ?

ሁለተኛው ራሱ ሙዙ ነው። ከከተማዋ ሰሜን፣ በላንቴና በጫኖ ሜዳ፣ ዓይን እስኪደክም ሙዝ ነው። ቁጥር 41 መጀመሪያ ሲወጣ ተክሉንም ፍሬውንም በገበያ ዋጋ ጻፍ ይል ነበር። ዘይት የሚሰጥ ዘንባባና ጎማ የሚተክሉ አገሮች ተቃወሙ፤ «ይህ ዛፍ ለእኛ ማሽን ነው፣ የሚሸጠው ፍሬው ነው» አሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ተሻሻለና፣ ዓመት ከዓመት ፍሬ የሚሰጥና ራሱ የማይሸጥ ተክል እንደ ማሽን በወጪው ይጻፍ፣ ላዩ ላይ ያለው ፍሬ ብቻ በገበያ ዋጋ ይገመት ተባለ።

ሙዝ የትኛው ነው? የሙዝ ግንድ አንዴ ነው የሚያፈራው፤ ዘለላው ሲወርድ ግንዱም ይቆረጣል። እናቲቱ ስትቆረጥ ግን ከሥሯ ልጆቿ ይተካሉ፤ ስሩ ለዓመታት ይኖራል። ታዲያ የምንቆጥረው ግንዱን ነው ወይስ ስሩን? ግንዱን ካልክ የአንድ ጊዜ ሰብል ነው፤ ስሩን ካልክ ማሽን ነው። «ራሱ የማይሸጥ» የሚለውስ? የአካባቢው ገበሬ ከሥሩ የወጣውን ልጅ ነቅሎ ለጎረቤቱ ለችግኝ ይሸጣል። መሬቱ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ ሌላ አገር እንደሚደረገው የእርሻውን ዋጋ ከነመሬቱ ጠይቆ የመሬቱን መቀነስ አይቻልም። ይህን ሁሉ ለንደን ላይ የተቀመጠ ሰው ሊያውቅልን አይችልም፤ ደረጃውም አውቃለሁ አላለም። አስበህ ወስን፣ የወሰንክበትንም ጻፍ ነው ያለው። እኛ ግን አስበን ከመወሰን ይልቅ የተሞላ ቅጽ ፍለጋ ገባን። ይህን «እኛ» የምለው ራሴንም ጨምሬ ነው፤ አሁን ወደ ስህተቴ መጣሁ።

* * *

ብድር የሚሰጥ ድርጅት ትልቁ ሀብቱ ሕንጻው አይደለም፤ ሰው እጅ ያለ ገንዘቡ ነው። ከዚያ ገንዘብ ስንቱ ይመለሳል? ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች ያወጣው የቆየ መመሪያ ለዚህ መልሱን በቁጥር ሰጥቷል። በጊዜው ለሚከፈል ብድር 1 በመቶ መጠባበቂያ ያዝ። ከ30 ቀን ካለፈ 3 በመቶ፣ ከ90 ቀን ካለፈ 20፣ ከ180 ቀን ካለፈ 50፣ ዓመት ገደማ ከሞላው 100። ማባዛት ብቻ ነው። አዲሱ ደረጃ፣ ቁጥር 9፣ ሌላ ነገር ጠየቀ። ብድሩ ገና ሳይበላሽ፣ ከሰጠህበት ቀን ጀምሮ፣ ወደፊት ስንቱ ሊጠፋ እንደሚችል ገምት፤ ያለፈውን ታሪክህን፣ አሁን ያለውን ሁኔታ፣ የሚመጣውንም ተመልከት አለ።

«ያለፈውን ታሪክህን» የምትለዋ ነች እኔን አርባ ምንጭ ያደረሰችኝ። ታሪኩ የነበረው ሌጀር ውስጥ ነው፤ ትልልቅ፣ ጥቁር ጀርባ ያላቸው፣ ጠርዛቸው በላብ የቀላ መዝገቦች። የሚጠብቋቸው ጋሼ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እኔም በዚሁ ልጥራቸው። ቅርንጫፉ ሲከፈት ጀምሮ የሂሳብ ሠራተኛ ነበሩ።

ይዤ የሄድኩት ቅጽ ስድስት ዓምድ ነበረው፦ የደንበኛ ቁጥር፣ የብድር መጠን፣ የተሰጠበት ቀን፣ የመክፈያ ቀን፣ የተከፈለበት ቀን፣ የዘገየበት ቀን ብዛት። ሌላ ቦታ የተሠራ ቅጽ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ጳጉሜን 3 የተወሰደ ብድር ስናስገባ ሲስተሙ አልቀበልም አለ፤ 13ኛ ወር አያውቅማ! ሳቅን፣ አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ የቀን መቁጠሪያውን አስተካከልኩ። ችግሩን የፈታሁ መሰለኝ። ቅጹ ስለማያውቀው ሌላ ነገር ሳላስብ አለፍኩ።

ሌጀሮቹ ኅዳግ ላይ ጽሑፍ ነበረባቸው። በደቃቅ የጋሼ እጅ ጽሑፍ፣ ከዘገየው ክፍያ ጎን። «ልጁ ታሞበት ነው።» «የሙዝ ነጋዴው ሂሳቡን ሳይሰጠው ጠፋ።» «ለቅሶ ጨንቻ ሄዷል፤ ይከፍላል።» አንዳንዱ ጎን ደግሞ፣ «ይሄ ሰውዬ ተስፋ የለውም።» መረጃ የሚያስገቡት ልጆች «ይሄን የት እናስገባው?» አሉኝ። «ዓምድ የለውም፣ እለፉት» አልኳቸው። ይኸው ነው ስህተቴ። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት።

ሥራው አለቀ፣ ፋይሉ አዲስ አበባ ሄደ፣ ግምቱን የሚያሰላው ፕሮግራም ገባበት። ከወራት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ የብድር ዘርፎቹ በቀለም ተለይተው ነበር፤ ዓሣ ማስገር ቀይ። ጫሞ ላይ ቆሮሶና ናይል ፐርች የሚያሰግሩ ማኅበራት ብዙ ጊዜ ከ90 ቀን በላይ ዘግይተዋል፤ ቅጹ ደግሞ 90 ቀን ያለፈውን ሁሉ «ያልከፈለ» ብሎ ነው የሚቆጥር። ለዘርፉ የሚሰጠው ብድር እንዲቀንስ ተወሰነ። ዓሣ አስጋሪ ደግሞ ለባንክ የሚያሳየው ሀብት የለውም። ሐይቅ ውስጥ ያለው ዓሣ በቁጥር 41 እንኳ ሀብት አይባልም፤ ሰው ያላሳደገውን ማጥመድ ግብርና አይደለምና። ያለው ጀልባ፣ መረብና የመክፈል ታሪኩ ነው። ያን ታሪኩን ነው እኔ ግማሹን ያስቀረሁት።

ጋሼ ደወሉልኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ከፍለዋል። ዘግይተው ነው እንጂ ከፍለዋል። ምክንያቱንም ጽፌው ነበር። የት አደረስከው?»

«ጋሼ፣ ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም» አልኳቸው። ስናገረው እንኳ ለራሴ አሳፈረኝ።

«እንግዲህ ቅጹን የሠራው ማን ነው?»

ያን ሌሊት ቁጥር 9ን ራሴ አነበብኩት፤ እስከዚያ ድረስ ሰው የነገረኝን ነበር የምሠራው። 30 ቀን ካለፈው ብድሩ አደጋው ጨምሯል ብለህ ገምት ይላል። 90 ቀን ካለፈው እንዳልተከፈለ ቁጠረው ይላል። ግን ወዲያው ያክላል፦ ሌላ የሚያሳይ ተጨባጭ፣ ሊደገፍ የሚችል መረጃ ካለህ ይህን ግምት ማፍረስ ትችላለህ። ወደፊት የሚሆነውንም አብረህ አስገባ ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። «ለቅሶ ጨንቻ ሄዷል፤ ይከፍላል» ማለት ይኼው አይደለም እንዴ? «ተስፋ የለውም» ማለትስ? ጋሼ አይኤፍአርኤስ የሚባል ስም ሳይሰሙ ለዓመታት የሚጠበቅ ኪሳራ ሲገምቱ ነበር፤ ግምታቸውንም ከነምክንያቱ ሲጽፉ ነበር። አዲሱ ሥርዓት የጠየቀን መልስ እጃችን ላይ ነበር። የጣልነው እኛ ነን፣ ያውም በአዲሱ ሥርዓት ስም።

* * *

ከዚህ ተነስታችሁ «ባህር ማዶ የተሠራ ነገር ለእኛ አይሆንም» ወደሚል ድምዳሜ እንድትሄዱብኝ አልፈልግም። የጋሼም ኅዳግ ንጹሕ አይደለም፤ የሚያውቁትን ሰው አዝነውለት «ይከፍላል» ብለው ያልከፈለ አለ፣ ራሳቸውም አይክዱም። ለዚህ ነው ምክንያት ከቁጥር ጋር ጎን ለጎን መታየት ያለበት። ከ140 በላይ አገሮች አንድ ዓይነት የሂሳብ ቋንቋ ሲናገሩ ለብቻ መቆም አይቻልም፤ ጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ የባንክ አክሲዮን ሲሸጥበት፣ አርባ ምንጭ ሴቻ ያለች ነርስ ያን አክሲዮን ለመግዛት የምትተማመነው በዚያ መዝገብ ብቻ ነው። ሦስት መዝገብ ቀልድ ሆኖ መቅረት አለበት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የተቀበልነው ደረጃ ጥያቄ ነበር፤ እኛ ግን እንደ ቅጽ ነው የተቀበልነው። «እንዴት አወቅህ?» ሲለን «ቅጹ እንዲህ ይላል» ብለን መለስን። ፒችትሪን እንደተቀበልነው ማለት ነው፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ። ቅጽ የሚሠራው ደግሞ እንደ እኔ ያለ ሰው ነው፦ ሂሳብ ያልተማረ፣ ሐይቁን ያላየ፣ ዓምድ ሲጨምር ዳታቤዙ እንዳይከብድበት የሚሳሳ። በዚህ ሙያ ያላችሁ ልጆች ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። ኅዳግ ላይ የተጻፈ ነገር ካያችሁ፣ ሳታነቡት «እለፉት» አትበሉ።

ማስተካከሉ እንደ ማጥፋቱ አልፈጠነም። መረጃው ኮምፒውተር ገብቷል ተብሎ ሌጀሮቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው መጋዘን ተጥለው ነበር፤ ክረምቱ ጥቂቶቹን አበስብሷቸዋል። ጋሼ የተረፉትን እያወጡ፣ ማታ ማታ ከሥራ በኋላ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሱ በቴሌግራም ይልኩልኛል። አንዳንዱ ፎቶ ጥላቸው ያርፍበታል፤ «እንደገና ያንሱልኝ» እላቸዋለሁ፣ እንደገና ያነሳሉ። እኔ ቅጹ ላይ ሰባተኛ ዓምድ ጨምሬ «ምክንያት» ብዬዋለሁ። ለዘንድሮው ሪፖርት አልደረስንም። ለሚቀጥለው እንዲታይ ለድርጅቱ ጽፈናል፤ መልሱን እየጠበቅን ነው። እስከዚያ ዘርፉ ቀይ እንደሆነ አለ፣ ብድር ፈልገው መጥተው የተመለሱም አሉ።

ባለፈው ሳምንት ከላኩልኝ ገጾች አንዱ ላይ የአንድ አስጋሪ ማኅበር ክፍያ አለ። አንድ መቶ ምናምን ቀን ዘግይቷል፤ በእኔ ስድስት ዓምድ ቢሆን ያልከፈለ ነው። ኅዳጉ ላይ ጋሼ እንዲህ ጽፈዋል፦ «መረቡን አዞ ቀደደው። አዲስ እስኪሠሩ ሁለት ወር ይሰጣቸው።» ከሥሩ፣ በሌላ ቀለም፣ «ከነወለዱ ተከፍሏል።»

ፎቶውን ለኦዲተሩ ልጅ አስተላለፍኩለትና ከሥሩ «አዞው ስንት እንደሚያወጣ አገኘሁት» ብዬ ጻፍኩለት። አንድ መረብና ሁለት ወር።